የነጋዴ መዝገብ የትናንቱን እንዳያጠፋ

(አስተያየት፤ ከአንድ የነጋዴ ቤት ጸሓፊ፣ ጂንካ)

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥና ስለ መንገድ ብዙ ይጻፋል፤ የሚገባም ነው። ስለ መዝገብ አጠባበቅ የሚጽፍ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። ይህ የሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ መዝገብ የጸሓፊው ጉዳይ እንጂ የባለ ሱቁ ወይም የአስመጪው ጉዳይ አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እኔም ራሴ ጸሓፊ ስለ ሆንሁ ለገዛ ሙያው ያዳላል የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየምም። ነገር ግን ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ገንዘብን ይነካል፤ ከገንዘብም አልፎ በነጋዴና በደንበኛ መካከል ያለውን እምነት ይነካልና ክቡራን አንባቢያን ጥቂት ጊዜ ሰጥተው እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

መዝገብ በጠረዝ ደብተር ላይ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ጸሓፊ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበረ። ስሕተት ሲገኝ አይፋቅም። ስሕተቱ ባንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ቁጥር ግን ይነበባል፤ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው ቀኑን ጽፎ በጎኑ ይፈርማል። ከደብተሩ ቅጠል መገንጠል ነውር ነበረ፤ ደብተሩ የሚጠረዘው፣ ገጹም ቁጥር የሚሰጠው ስለዚሁ ነው። ኢጣልያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ የቬኒስን ነጋዴዎች የሒሳብ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1494 አሳትሞ ካወጣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ጠንቃቃ የሒሳብ ሰው የተሳሳተውን ምዝገባ በሌላ ምዝገባ ያርመዋል እንጂ አይደመስሰውም።

ኮምፒዩተር ወደ ሱቃችንና ወደ ቢሯችን ሲገባ ይህ ደንብ ሳይታወቀን ከእጃችን ወጣ። ዛሬ ባንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ 12,400 የነበረው ቁጥር 14,200 ሆኖ ቢገኝ፣ የቀድሞው የት እንደ ገባ፣ ማን እንደ ለወጠው፣ በየትኛው ቀንና ስለ ምን ምክንያት እንደ ተለወጠ የሚናገር ምልክት የለም። አዲሱ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ መስሎ ይቀመጣል። ጽሑፉ ያማረ፣ ድምሩ የተስተካከለ ስለ ሆነ ደግሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ያምነዋል። ከተሰራረዘው ደብተር ይልቅ ንጹሕ የሚመስለው ሰንጠረዥ ይበልጥ አጠራጣሪ መሆኑን ለማስተዋል ብዙ ዓመት ወስዶብናል።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን አደጋ ያውቁት ነበር። የርስትና የጉልት ውል በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ የነበረው ብራና ስላነሰ ብቻ አይደለም። በወንጌለ ወርቅ ላይ የተጻፈ ነገር በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይጠበቃል፤ የሚፍቀውንና የሚለውጠውን ሰው የሚያወግዝ ግዝትም በግርጌው ይጻፍበታል። ይሁን እንጂ ግዝቱ ሁሉን አላገደም፤ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተተካበትን ቦታ ሳያይ አይቀርም። ብራና ግን ሲፋቅ ቢያንስ ጠባሳው ይቀራል። የኮምፒዩተር ፋይል ጠባሳ እንኳ የለውም።

ጉዳዩ በእኛ አገር፣ በደቡብ ኦሞ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርደው ሸቀጥ መጨረሻ ላይ ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዷ ኮልቾ ናት። ኮልቾ ከወንዙ በስተ ምሥራቅ፣ ውኃው በሩቁ ቁልቁል ከሚታይበት ከፍተኛ ገደል አፍ ላይ ያለች የካራ መንደር ናት። ወደዚያ ጨው፣ የቡና ገለባ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይወርዳል፤ ከዚያ ደግሞ ፍየል፣ ማርና ማሽላ ይወጣል። ግብይቱ በአብዛኛው በዱቤ ነው። ዕዳው የሚከፈለው ገበያ ሲደርስ ነው፤ ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ። ካልሆነም ማሽላው ሲሰበሰብ ነው። ያም ቢሆን፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ከገደበው ወዲህ፣ የካራ ሰው ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር ይዘራው የነበረው ማሽላ እንደ ቀድሞው ቀን የሚቈረጥለት አልሆነም። ዱቤው ይረዝማል፤ የረዘመ ዱቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታረማል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። የኮልቾው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ፊደል አያውቅም፤ የሒሳቡ ወረቀትም በእጁ የለም። የእርሱ መዝገብ በኅሊናው ነው፤ በጽሑፍ ያለው መዝገብ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በነጋዴው ቤት ነው። ስለዚህ ያ መዝገብ የነጋዴው ንብረት ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውም አደራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማውቀው ያንድ ነጋዴ ቤት የሆነውን ለምሳሌ ላንሣ፤ የቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ያንድ ቤተ ዘመድ አለቃ የሆኑ የኮልቾ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን ሸጠው ዕዳቸውን ሊዘጉ መጡ። «የቀረብኝ 12,400 ብር ነው» አሉ። ኮምፒዩተሩ ግን 14,200 ብር ይላል። ቢፈለግ ሦስት ፋይሎች ተገኙ። የአንዱ ስም «የዱቤ ዝርዝር የመጨረሻ»፣ የሁለተኛው «የዱቤ ዝርዝር የመጨረሻ የታረመ»፣ የሦስተኛው ደግሞ «የዱቤ ዝርዝር እውነተኛው የመጨረሻ» ይላል። በአንደኛው ውስጥ 12,400 አለ፤ በሁለተኛው 14,200 አለ፤ በሦስተኛው የሽማግሌው ስም ጭራሹን የለም። የትኛው ኋላ እንደ ተጻፈ በቀኑ እንለየው ቢባል፣ የኮምፒዩተሩ የውስጥ ባትሪ ካለቀ ቈይቶ ኖሮ መብራት በጠፋ ቍጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቀኑ ሁሉ የማይታመን ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው ግን የከፈሉትን እያንዳንዱን ክፍያ በፍየሉ ቀለም እየጠሩ፣ በየትኛው ገበያ እንዳስረከቡ እየተናገሩ፣ አንድም ሳይዘሉ ቈጠሩ። ነጋዴው 12,400ውን ተቀብሎ ነገሩን ዘጋው።

ልዩነቱ 1,800 ብር ነው፤ ለነጋዴ ቤት ይህ ትልቅ ገንዘብ አይባልም። የከበደው ሌላው ነገር ነው። ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነው ብዬ በበኩሌ አምናለሁ፤ ነገር ግን ነጋዴው እውነት መሆኑን አውቆ ሳይሆን ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ስላልቻለ ብቻ ነው የተቀበለው። ሽማግሌውም ይህን ልዩነት አላጡትም። ከዚያ ወዲህ የቤተ ዘመዱ ማር ወደ ሌላ ሱቅ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ ቅጂ ማብዛት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ቅጂ መያዙ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከላይ የተናገርሁት ነጋዴ ሦስት ቅጂ ነበረው፤ የጎደለው የቅጂዎቹ ታሪክ ነው። በየሳምንቱ ፋይሉን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ያለፈውን ሳምንት ቅጂ በዚህ ሳምንት ቅጂ ይሸፍነዋል፤ ስሕተቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባ እንደ ሆነ በፍላሹም ላይ ያለው ያው ስሕተት ነው። በኢንተርኔት የሚያስቀምጡልን አገልግሎቶችም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። እኛ ስንሳሳት ስሕተታችንን በታማኝነት ወደ ሩቅ አገር ይገለብጡልናል። የቀድሞውን ቅጂ ለጥቂት ጊዜ እንደሚያቈዩ አይካድም፤ ይኸውም ጉግል ድራይቭ የተሰቀለለትን ፋይል የቀድሞ ቅጂዎች በተለመደው አሠራሩ ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ድረስ፣ ድሮፕቦክስም ለማይከፍል ደንበኛ ለ30 ቀን ያቈያል። በኅዳር ወር የተበላሸ የዱቤ ሒሳብ በሰኔ ለሚመረመርበት ነጋዴ 30 ቀን ምን ይረባዋል?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህ ችግር ከኛ በፊት ደርሶባቸው ነበር። ብዙ ሰው ባንድ ጽሑፍ ላይ ሲሠራ ማን ምን እንደ ለወጠ ካልታወቀ ሥራው ስለሚበላሽ፣ ማርክ ሮችካይንድ የተባለ ሰው በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1972 እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ወጥቷል። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ጊት የሚባለው ነው፤ የሠራውም ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች የሚተባበሩበትን ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ለመቈጣጠር ብሎ ነው። መሣሪያው ያለ ክፍያ ለሁሉ የተሰጠ ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ዓይነት መሣሪያ «ቨርዥን ኮንትሮል» ይሉታል፤ እኔ ግን ያሮጌውን ደብተር ደንብ ስለሚያስታውሰኝ «የእርማት መዝገብ» ብዬ ብጠራው እመርጣለሁ።

አሠራሩ ለማስረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ነጋዴው ወይም ጸሓፊው ደብዳቤዎቹን፣ ውሎቹን፣ የዋጋ ዝርዝሩንና የዱቤ መዝገቡን ባንድ ፎልደር ያኖራል፤ ጊትም ያን ፎልደር እንዲጠብቅ ይታዘዛል። መዝግብ በተባለ ጊዜ ሁሉ በፎልደሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል፤ የመዘገበውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም አጭር ማስታወሻ ይጨምርበታል። በኋላ ትናንት ከዛሬ በምን ይለያል ተብሎ ሲጠየቅ የወጣውን መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የገባውን በመደመር ምልክት ለይቶ ያሳያል። የቀድሞው ቁጥር ተሰርዞ እየተነበበ አዲሱ ከጎኑ ይቆማል ማለት ነው። ያጣነው ደንብ ተመለሰ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በጸሓፊው ትዝታ ላይ ከተጣለ ብዙም ዕድሜ የለውም። ቅዳሜ በጂንካ ገበያ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሒሳብ እየጠየቀው፣ «ቈዩኝ፣ ኮምፒዩተሩን መዝግብ ልበለው» የሚል ጸሓፊ አላየሁም። ስለዚህ ሥራው ለመሣሪያው ሊተው ይገባል። በዊንዶውስ ላይ «ታስክ ስኬጁለር» የሚባል፣ በሊኑክስ ደግሞ «ክሮን» የሚባል ሰዓት ጠባቂ አለ፤ በተወሰነለት ሰዓት የታዘዘውን ይፈጽማል። ትእዛዙ ሦስት ብቻ ነው፤ የተለወጠውን ሰብስብ፣ መዝግብ፣ ወደ ሁለተኛው ማኖሪያ ላክ። በእኛ ቤት ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ይሠራል። የተለወጠ ነገር ከሌለ ምንም አይመዘግብም፤ ስለዚህ መዝገቡ በከንቱ አያብጥም። ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ለማሰናዳት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም፤ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ዛሬ በጂንካ አይጠፉም።

መሣሪያው ግን የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ምክንያት ነው። ቁጥሩ መለወጡንና ሰዓቱን ያውቃል፤ ስለ ምን እንደ ተለወጠ አያውቅም። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ከሚደረገው ምዝገባ ሌላ፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ጸሓፊው በገዛ እጁ አንድ ጊዜ እንዲመዘግብና «የእገሌ ዕዳ የቀነሰው ሁለት ፍየል ስለ ተረከብን ነው» ብሎ እንዲጽፍበት እመክራለሁ። ይህች አንዲት መስመር ከስድስት ወር በኋላ የምታስቀረው ክርክር ቀላል አይደለም።

ስለ ፋይሉ ዓይነትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የኤክሴልና የወርድ ፋይሎች ታሽገው የተጠቀለሉ ስለሆኑ ጊት ሙሉውን ቅጂ በየጊዜው ይይዛቸዋል እንጂ የትኛው መስመር እንደ ተለወጠ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ሰንጠረዡ ሲ.ኤስ.ቪ. በሚባለው ግልጥ ጽሑፍ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር ይሆናል፤ ለውጡም በመስመር ይታያል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሲያስቀምጥ «ሲ.ኤስ.ቪ. ዩ.ቲ.ኤፍ.-8» የሚለውን መምረጥ አለበት። ተራውን የመረጠ እንደ ሆነ የደንበኞቹ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል። የዓመት ዱቤ በዚህ ዓይነት ቢጻፍ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ኮምፒዩተር የሌለው፣ ሒሳቡን በደብተርና በሞባይል የሚይዝ ባለ ሱቅም ከዚህ ሐሳብ አይገለልም፤ ማታ ማታ የደብተሩን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚያምነው ሰው ቢልክ የዚህን መሣሪያ ግማሽ ጥቅም ያገኛል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምቈጥረው ነጥብ ልምጣ። ጊት በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ 40 ፊደልና አኃዝ ያለበት ማኅተም ያትማል። ይህ ማኅተም የሚሠራው ከተመዘገበው ነገርና ከቀድሞው ምዝገባ ማኅተም ተሰልቶ ነው። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት የተመዘገበውን አንድ አኃዝ የነካካ ሰው የጥቅምቱን ማኅተም ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ይለውጣል። ይሁንና በዚህ ብቻ መኵራት አይገባም። ኮምፒዩተሩ በእጁ ያለ ሰው ከፈለገ ታሪኩን በሙሉ እንደገና ሊጽፈውና አዲስ ማኅተም ሊያትምበት ይችላል። ተንኰሉ የሚታወቀው የቀድሞው ታሪክ ሙሉ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በሐመር ወጣቱ ከብት የሚዘልበት ቀን ሲቈረጥ ለተጋባዦቹ የተቋጠረ ገመድ ይላክላቸዋል፤ የቋጠሮው ቍጥር የቀሩት ቀናት ቍጥር ነው። እያንዳንዱ ተጋባዥ በየዕለቱ አንድ ቋጠሮ ያስወግዳል፤ ቋጠሮው ባለቀበት ቀን ሁሉም ከያለበት ተነሥቶ ይመጣል። የቀኑ መዝገብ በጋባዡ ቤት ብቻ አልተቀመጠም፤ በእያንዳንዱ ተጋባዥ እጅ ሙሉው አለ። ጋባዡ በኋላ ቀኑ ሌላ ነበር ቢል የሚሰማው የለም። ጊትም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ቅጂው ያለው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ በሙሉ አለው፤ ሥራውን ለመሥራትም ኢንተርኔት አይለምንም። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በሱቁ፣ ሁለተኛው በነጋዴው መኖሪያ ቤት፣ ሦስተኛው ግን ከቤተሰብ ውጭ በሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በሒሳብ አዋቂው ወይም በሸሪኩ እጅ ይሁን እላለሁ።

የዚህ ዓይነት ምዝገባ ምን ያህል እንደሚያድን ባገራችን በታላቅ መጠን ታይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ብልሽት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም፤ ባንኩ በኋላ እንደ ገለጠው የገንዘቡ መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በዚያች ሌሊት የሲስተሙ መቈጣጠሪያ ቢሳሳትም የእያንዳንዱ ዝውውር ምዝገባ አልጠፋም፤ ማን በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደ ወሰደ ይታወቅ ነበር። ባንኩ ወሳጆቹን በየስማቸው ጠርቶ መልሱ ለማለትና አብዛኛውን ለማስመለስ የቻለው ስለዚህ ነው። ከእኛ ቤቶች በአንዱ ይህ ቢደርስ ማንን ጠርተን ምን መልስ እንለው ነበር?

ቅጂው ከሱቁ ውጭ ይሁን ያልሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እሳት ሸቀጡንና ደብተሩን አይለይም። ኢንተርኔትም ብቻውን አይታመንም፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሳምንታት በአገሩ ሁሉ በተቋረጠ ጊዜ መዝገቡን በዚያ ብቻ ያኖረ ሰው ተመልካች ሆኖ ነው የሰነበተው። ፍላሹም ሁልጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ መዋል የለበትም፤ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውንም ጨምሮ ይቈልፈዋልና።

አሁን በግልጥ የማይነገረውን መቃወሚያ ላንሣ። ስለዚህ ነገር ከነጋዴዎች ጋር ስነጋገር በመጀመሪያ «ውድ ነው» ይሉኛል፤ ዋጋ እንደሌለው ሲረዱ «ከባድ ነው» ይላሉ፤ ከባድ አለመሆኑን ሲያዩ ግን አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ። የዝምታው ትርጕም አይጠፋኝም። የማይደመሰስ መዝገብ ግብር ሰብሳቢው በመጣ ጊዜም አይደመሰስም። ሁለት መዝገብ ለመያዝ ለሚያስብ ሰው ይህ መሣሪያ አይስማማውም፤ እንዲስማማውም አልመክርም። ነገር ግን ሐቀኛው ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገቡን ለ10 ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግም ነጋዴን መዝገብ ከመያዝ ግዴታ አላወጣውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012ም በኤሌክትሮኒክ መልክ የተያዘ ጽሑፍ ስለ መልኩ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። እንግዲህ ከመርማሪ ፊት ቀርቦ «ይህ ቁጥር በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ስለዚህ ምክንያት ታረመ» ለማለት የሚችል ነጋዴ ከሌላው ይልቅ ይጠረጠራል ወይስ ይታመናል? እኔ የማውቀው የተጠረጠሩት ማስረዳት ያቃታቸው መሆናቸውን ነው።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው መቃወሚያ ሌላ ነው። መዝገቡ የማይረሳ ከሆነ ሊረሳ የሚገባውንም አይረሳም። የባንክ ምስጢር ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የደንበኛ መታወቂያ ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከገባበት በኋላ ዛሬ ቢሰረዝ በትናንቱ ታሪክ ውስጥ ይኖራል፤ ከታሪኩም ለማውጣት ብዙ ድካም ይጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ከመጀመሪያው በተጠበቀው ፎልደር ውስጥ አይግባ። ሦስተኛውን ቅጂ የሚይዘው ሰውም የደንበኞችን ዕዳ በሻይ ቤት የማያወራ ሰው ይሁን።

ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ደግሞ መፈተን አለበት። ጊትላብ የሚባለው፣ የሰዎችን የጊት መዝገብ ለማኖር የተቋቋመው ታላቅ የውጭ አገር ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው የኩባንያውን ዋና መዝገብ በስሕተት ደመሰሰበት። ቅጂ የሚይዝባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ነበሩት፤ ሲፈለጉ ግን አንዱ ከጥንቱም አይሠራም ነበር፤ አንዱ ባዶ ነበር። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ሥራ ግን ጠፍቶ ቀረ። ኩባንያው የደረሰበትን ሳይደብቅ ለዓለም መግለጡ የሚያስመሰግነው ነው። እኛም በወር አንድ ቀን፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ መዝገቡን ከሁለተኛው ቅጂ አውጥተን የሦስት ደንበኞችን ሒሳብ ብናስተያይ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይወስድብንም።

የንግድ ምክር ቤታችን በዚህ ረገድ ሊረዳ ይችላል። ለአባላት ጸሓፊዎች የአንድ ቀን ትምህርት ቢዘጋጅ፣ ከትምህርቱም ጋር ከላይ የተናገርኋቸው ሦስቱ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል በአማርኛ ማብራሪያ ተሰናድቶ ቢታደል፣ ወጪው ያንድ አዳራሽ ወንበርና ሻይ ነው። ትምህርቱ ቅዳሜ እንዳይሆን ብቻ አደራ እላለሁ።

ለኮልቾ ደንበኞች ደግሞ በበኩሌ አንድ ነገር እንዲጨመር አሳስባለሁ። ዱቤ በተጻፈ ወይም በታረመ ቍጥር ከእርማት መዝገቡ የደንበኛው መስመር በሁለት ወረቀት ይታተም፤ ቀኑ፣ የቀድሞው ቁጥርና አዲሱ ቁጥር፣ በግርጌውም ከማኅተሙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደላት ይኑሩበት። አንደኛው ወረቀት በሱቁ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ወደ ኮልቾ ይወርዳል። ሽማግሌው ባያነቡት ትምህርት ቤት የሚሄድ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል፤ በሚቀጥለው ገበያም ፍየሎቻቸውን ቈጥረው ሲጨርሱ ወረቀቱን አውጥተው ከእኛው ጋር ያስተያዩታል።